“አንድ ኡማ” ሲባል የሚዘለለው ትእዛዝ

ነገሩ የሆነው በአንድ ዘመቻ ላይ ነው። ከመካ ከተሰደዱት ሙሃጂሮች አንዱ፣ ከመዲና አንሷሮች አንዱን ከኋላው በእግሩ መታው። የተመታው “አንሷሮች ሆይ፣ ድረሱልኝ!” ብሎ ጮኸ። መቺውም በበኩሉ “ሙሃጂሮች ሆይ፣ ድረሱልኝ!” አለ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጩኸቱን ሲሰሙ “ይህ የጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን) ጥሪ ምንድን ነው?” ሲሉ ጠየቁ፤ የተፈጠረው ሲነገራቸውም “ተዉት፣ የገማ ነገር ነው” አሉ። ጃቢር ኢብን አብዱላህ ያስተላለፉትን ይህን ሐዲስ ቡኻሪም ሙስሊምም መዝግበውታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሞቹ ናቸው። “ሙሃጂር” እና “አንሷር” በቁርኣን ውስጥ በምስጋና የተነሱ (9፥100)፣ በስደትና በመረዳዳት የተገኙ የክብር ስሞች ናቸው። ስሙ ይህን ያህል የተከበረ ሆኖ ሳለ ጥሪው ገማ። “ማን ማንን በደለ?” ብሎ የጠየቀ አልነበረምና። ሁለቱም የፈለጉት የየራሳቸው ወገን ሳያጣራ እንዲሰለፍላቸው ነው። መልካም ስም ያለው የትኛውም መዝሀብ (የፊቅህ ማለትም የሃይማኖት ሕግ ትምህርት መንገድ)፣ ጀመዓ (የምእመናን ስብስብ) ወይም ማኅበር በዚሁ መንገድ ሊበላሽ ይችላል።

ዛሬ ስለ ኡማ (የሙስሊሞች ማኅበረሰብ) አንድነት ሲሰበክ በብዛት የሚነበበው “የአላህን ገመድ ሁላችሁም ያዙ፤ አትለያዩም” የሚለው የአል ዒምራን አንቀጽ (3፥103) ነው። መነበቡ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ንባቡ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ምእመናን ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ የሚደነግገው የአል ሑጁራት 49፥9 ግን ይዘለላል። በእኔ እምነት የአንድነት ጥሪ ደጋግሞ የሚከሽፈው በዚህ ነው፤ የፍትሕ ትእዛዙ ተዘልሎ “አንድነታችን እንዳይናጋ ዝም በሉ” የሚለው ብቻ ይቀራል። ዝም የተባለው ሰው ደግሞ በደሉን ይዞ ይሄዳል፤ ጊዜ ሲያገኝ የራሱን መስጂድ ይከፍታል።

“ኡማ” የሚለው ቃል ራሱ ሰፊ ነው። በቁርኣን ውስጥ ከ60 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ብቻቸውን “ኡማ” ተብለዋል (16፥120)፤ በምድር ላይ የሚሄዱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበርሩ አዕዋፍም እንደ ሰዎች “ኡመም” ናቸው (6፥38)። ለምእመናን “ይህች አንድ ሕዝብ ስትሆን ሕዝባችሁ ናት፤ እኔም ጌታችሁ ነኝ” ይላል (21፥92)። በሌላ ቦታ ደግሞ አላህ ቢሻ ኖሮ የሰውን ልጅ በሙሉ አንድ ኡማ ያደርገው እንደነበር፣ ልዩነቱ ግን ለፈተና እንደሆነና ሰው በበጎ ሥራ መሽቀዳደም እንዳለበት ይናገራል (5፥48)።

ቃሉ መሬት ላይ ወርዶ ሥራ የጀመረው በመዲና ነው። አውስና ኸዝረጅ የተባሉት ሁለቱ ነገዶች ከሂጅራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቡዓስ በተባለው ጦርነት እርስ በርስ ተላልቀዋል። በ622 እ.ኤ.አ. ነብዩ ወደ ከተማዋ ሲገቡ ደግሞ ቤትና ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ስደተኞች ተጨመሩ። በጥንቱ የነብዩ ታሪክ ጸሐፊ በኢብን ኢስሐቅ በኩል የደረሰን የመዲና ሰነድ ምእመናኑን ከሌላው ሰው የተለዩ “አንድ ኡማ” ብሎ ይጀምራል፤ ወዲያው ቀጥሎ ግን የሚዘረዝረው ሂሳብ ነው። እያንዳንዱ ጎሳ እንደቀድሞው የደም ካሳውን ራሱ ይከፍላል፤ የተማረከበትን ሰው ራሱ ይቤዣል። ዕዳ የከበደውን ሰው ግን ምእመናን ለካሳው ወይም ለቤዛው ሳይረዱት ብቻውን አይተዉትም። የጎሳ መዋቅሩ አልፈረሰም፤ ያለበት ኃላፊነት ተቆጥሮ ተሰጠው፣ ከአቅሙ በላይ የሆነው የጋራ ሆነ።

ከሰነዱ ውስጥ እጅግ ከባዱ፣ ብዙም የማይጠቀሰው አንቀጽ በደለኛን የሚመለከተው ነው። ከመካከላቸው በደልን ወይም ጥፋትን በሚያደርግ ሰው ላይ፣ የአንዳቸው ልጅ ቢሆን እንኳ፣ የሁሉም እጅ በአንድነት ይነሳበታል ይላል። “ድረሱልኝ” ብሎ የራሱን ወገን የሚጠራ በደለኛ በዚህ ሕግ መሸሸጊያ የለውም። የበኑ ዐውፍ አይሁዶችም ከምእመናን ጋር በአንድ ኡማነት ተጠቅሰዋል፤ “ለአይሁዶች ሃይማኖታቸው፣ ለሙስሊሞችም ሃይማኖታቸው” ተብሎ። የቃሉ ትርጉም በዚህ ቦታ ላይ ሊቃውንትን ቢያከራክርም፣ የከተማዋ የጋራ ኃላፊነት የእምነት ልዩነትን እንዳልደፈጠጠ ከጽሑፉ ይነበባል።

ወደ አል ሑጁራት እንመለስ። የምዕራፉ አደራደር ለማንኛውም ሽምግልና መመሪያ ይሆናል። መጀመሪያ የሚመጣው ወሬን ማጣራት ነው፤ አመጸኛ ሰው ዜና ቢያመጣላችሁ፣ በስሕተት ሰዎችን እንዳትጎዱ አረጋግጡ (49፥6)። ከዚያ በኋላ ነው “ከምእመናን ሁለት ጭፍሮች ቢጋደሉ በመካከላቸው አስታርቁ” የሚለው የሚከተለው (49፥9)። አንዷ በሌላዋ ላይ ወሰን ካለፈች ወሰን አላፊዋ ወደ አላህ ትእዛዝ እስክትመለስ ድረስ ትገታለች፤ ኃይል እስከመጠቀም የሚደርሰው ይህ እርምጃ የመንግሥት ሥልጣን ጉዳይ እንጂ የግለሰብ ወይም የቡድን እንዳልሆነ ፉቀሃዎች (የሕግ ሊቃውንት) አስቀምጠዋል። ስትመለስ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ “አስታርቁ” ይባላል፤ አሁን ግን “በትክክል” የሚለው ቃል ታክሎበት፣ “በነገሩ ሁሉ አስተካክሉም” በሚል ተጠናክሮ። ከአንድ አንቀጽ በኋላ የሚመጡት ሁለት አንቀጾች (49፥11-12) መሳለቅን፣ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላሉ። እርቅ ከተፈጸመ በኋላ የሚያፈርሱት እነዚህ ናቸውና ቦታቸው በትክክል እዚያ ነው።

ሽማግሌዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከሁለተኛው ደረጃ ስለሚጀምሩ ነው። ወሬው ሳይጣራ፣ የጉባኤው ቃለ ጉባኤም ሆነ የገንዘቡ ደብተር ሳይታይ፣ ሁለቱን ወገኖች አቀፍ አድርገው “ይቅር ተባባሉ” ይላሉ። ሰዎቹ ይጨባበጣሉ። በሳምንቱ ጠቡ እንደ አዲስ ይነሳል፤ የተነጠቀው ነገር አልተመለሰማ። አንቀጹ ፍትሕን ያስቀመጠው በሁለተኛው እርቅ ላይ መሆኑም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወሰን አላፊው ከተሸነፈ በኋላ የአስታራቂው ልብ ወደ አሸናፊው ያጋድላል፤ የተሸነፈው መብት እንዳይዋጥ ያን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። አንቀጹ ሰይፍ የተማዘዙትን ሁለቱንም ወገኖች “ምእመናን” ብሎ ነው የሚጠራቸው። አራተኛው ኸሊፋ ዐሊ ኢብን አቢ ጧሊብ በ656 ሙስሊሞች እርስ በርስ በተዋጉበት በጀመል ጦርነት ካሸነፉ በኋላ የሸሸው እንዳይባረር፣ የቆሰለው እንዳይገደል ያዘዙት በዚህ መንፈስ ነው። ኸዋሪጆች ግን በ657 ዐሊና ሙዓዊያ ከተዋጉበት ከሲፊን በኋላ ተገንጥለው በኃጢአት ምክንያት ሙስሊሙን ካፊር ማለት ጀመሩ፤ በ661 ዐሊን የገደለው ሰው ከእነሱ ወገን ነበር። በዚያው ዓመት ልጃቸው ሐሰን ኢብን ዐሊ ሥልጣኑን ለሙዓዊያ ለቀቁ። የሱኒ ታሪክ ጸሐፊዎች “የጀመዓ ዓመት” ብለውታል። ደም መቆሙ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም መሪ በምን መንገድ ይመረጣል የሚለው ጥያቄ፣ ሹራን (ምክክርን) በሚያወድሰው በ42፥38 መሠረት፣ መልስ አላገኘም፤ ከ19 ዓመት በኋላ በ680 የሐሰን ወንድም ሑሰይን በከርበላ ተገደሉ። የአንድነት ስም የተሰጠው ዓመት የኡማውን ትልቁን ቁስል አልሻረውም።

የፊቅህ ልዩነት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱን መደባለቅ ብዙ ጥፋት አስከትሏል። ነብዩ “ዐስርን በበኑ ቁረይዛ ሰፈር እንጂ ማንም እንዳይሰግድ” ባሉ ጊዜ ከፊሎቹ ሶሐባዎች ወቅቱ እንዳያልፍ በመንገድ ላይ ሰገዱ፤ ከፊሎቹ ትእዛዙን እንደ ቃሉ ወስደው አዘገዩት። ነብዩ አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ሶሐባው ኢብን መስዑድ ደግሞ ኸሊፋው ዑስማን በመካ አቅራቢያ ባለችው በሚና ሰላትን ሳያሳጥሩ አራት ረከዓ መስገዳቸውን ተቃወሙ፤ ነብዩ፣ አቡበክርና ዑመር እዚያ ሁለት ይሰግዱ ነበርና። ከዚያ ግን ሄደው አብረው አራት ሰገዱ። ተቃውመው ለምን እንደተከተሉ ሲጠየቁ “መለያየት ክፉ ነው” አሉ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ሶፉንም (የሰጋጆችን ሰልፍ) አልለቀቁም። ይህ ቀላል አይደለም።

የተቃራኒውን ውጤት ለማየት ካዕባ ዙሪያ መመልከት ይበቃል። በ1183 መካ የደረሰው የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር እንደጻፈው እያንዳንዱ መዝሀብ በሐረሙ ውስጥ የራሱ ኢማምና የራሱ መስገጃ ነበረው። በሌሎቹ ሰላቶች ተራ በተራ ይሰግዱ ነበር። መግሪብ ላይ ግን ወቅቱ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ተክቢራው ከየአቅጣጫው ይሰማና ይምታታል፤ ማሊኪው በሻፊዒው ወይም በሐነፊው ኢማም ተክቢራ ሩኩዕ ይወርዳል (ያጎነብሳል)። አንድ ቂብላ፣ አንድ ካዕባ፣ ግን የተምታታ ሩኩዕ። ይህ አሠራር ቀርቶ ሁሉም በአንድ ኢማም መስገድ የጀመረው በ1920ዎቹ ነው።

ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች የምለው ይህ ነው። ሰጋጁ እጁን ደረቱ ላይ ቢያስር ወይም ወደ ጎኑ ቢለቅ፣ “አሚን”ን ጮክ ቢል ወይም ቢያንሾካሹክ፣ በሱብሒ ቁኑት (ቆሞ የሚደረግ ዱዓ) ቢያደርግ ወይም ባያደርግ፣ የሶፉ ጉዳይ አይደለም። ኢማሙ ቁኑት ካደረገ ከኋላው ያለው በጸጥታ ይጠብቀው፤ ከተወውም ይከተለው። ኮሚቴው የኢማሙን አሠራር አስቀድሞ ለሰጋጁ ያሳውቅ፤ ትምህርት ሲሰጥ የሌላውም መዝሀብ ማስረጃ አብሮ ይነገር። ከሚንበር ላይ በስም እየጠሩ ሌላውን ጀመዓ ማብጠልጠል ግን በጥብቅ ይከልከል። “ሶፋችሁን አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ልቦቻችሁ ይለያያሉ” የሚለው ሐዲስ የሚናገረው ስለ ትከሻና ስለ ተረከዝ መስተካከል ነው።

የረመዳንን መጀመሪያና መጨረሻ የምትወስነው ጨረቃስ? ኩረይብ የተባለ ሰው ከሻም (ከሶሪያ) ወደ መዲና ተመልሶ ጨረቃዋ በዓርብ ሌሊት እንደታየች ለኢብን ዐባስ ነገራቸው። እሳቸውም “እኛ ያየናት በቅዳሜ ሌሊት ነው፤ 30 እስክንሞላ ወይም እስክናያት እንጾማለን” አሉ። ከዚህ ተነስተው ሻፊዒዎች የየአድማሱን ልዩነት ይቆጥራሉ፤ ሐነፊዎች በጥንቱ ጎልቶ በሚታወቀው አቋማቸው የአንዱን እይታ ለሁሉም ያደርጉታል። ሁለቱም የቆሙበት መሠረት አላቸው። ችግሩ አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ዒድ ሲከበር ነው። “ጾማችሁ የምትጾሙበት ቀን ነው” የሚለው ሐዲስ ለዚህ መልስ አለው፤ ግለሰቡ ከሚኖርበት ጀመዓ ጋር ይጹም፣ ከእነሱም ጋር ይፍታ። የትኛው መስፈርት እንደሚሠራ ደግሞ በረመዳን 29ኛው ምሽት መከራከር አይገባም፤ ከወራት በፊት ተስማምቶ መጻፍ ይቻላል።

ተክፊርን (ሙስሊሙን ካፊር ማለትን) በተመለከተ ከ50 አገሮች የመጡ 200 ያህል ዑለማዎች በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ተሰብስበው አራቱን የሱኒ መዝሀቦች፣ ጃዕፈሪና ዘይዲ ሺዓን፣ ኢባዲንና ዟሂሪን የሚከተል ሁሉ ሙስሊም እንደሆነና ሊከፈር እንደማይገባ ተስማምተዋል። ሰነዱ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ወደ ሰፈር መስጂድ መድረሱ ነው።

መንግሥታት ላይ ተስፋ መጣል ግን ብዙም አያዋጣም። ኺላፋው በመጋቢት 1924 ተሽሯል። በ1969 በራባት የተመሠረተው የእስላማዊ ትብብር ድርጅት 57 አባላት አሉት፤ ኢራንና ኢራቅ ከ1980 እስከ 1988 ሲዋጉ ሁለቱም አባላቱ ነበሩ። 49፥9ን ለማስፈጸም አቅም ያለው አካል አልተገኘም።

በየመስጂዱ እጅ ላይ ያለው ግን ዘካ ነው። ኒሳቡ (ዘካ የሚያስወጣው ዝቅተኛ መጠን) 85 ግራም ያህል ወርቅ ወይም 595 ግራም ያህል ብር፣ ዓመት የሞላው፣ ከ40 አንድ እጅ፤ ተቀባዮቹ በ9፥60 የተዘረዘሩት ስምንቱ ክፍሎች። ከስምንቱ ውስጥ ባለዕዳዎች ይገኙበታል፤ በመዲናው ሰነድ ብቻቸውን እንዳይተዉ የተባሉት እነዚያው ናቸው። አብዛኛው ሰው ግን ዘካውን በረመዳን ለበሩ ላይ ለመጡ ችግረኞች ጥቂት ጥቂት አድርጎ ይበትነዋል፤ የማንም ዕዳ አይዘጋም፤ ለማኙም በዓመቱ ይመለሳል። ሙዓዝ ኢብን ጀበል ወደ የመን ሲላኩ የተሰጣቸው ትእዛዝ ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመለስ ነው፤ ማን ሀብታም፣ ማን ድሃ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጀመዓ ውስጥ ዕዳ ያጎበጣቸው ሰዎች ዝርዝር በሚስጥር የሚይዙ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይመረጡ፤ ዕዳው በአበዳሪው ፊት ይረጋገጥ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለአበዳሪው ይከፈል። ባለዕዳው የየትኛው ጀመዓ ተከታይ እንደሆነ በዝርዝሩ ላይ አይጻፍ።