ይድረስ ለአሮጌው ፕሮፋይል፦ ኢሜሎቻችንን ይልቀቁልን

ለክቡር አቶ አሮጌው የተንደርበርድ ፕሮፋይል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያስቀመጥናቸው የኢሜል ፎልደሮች ለአዲሱ ፕሮፋይል እንዲተላለፉልን ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እርስዎን ከመፈለግ ድካም በስተቀር ደህና ነን።

እርስዎ ተንደርበርድ የተባለው የኢሜል ፕሮግራም ደብዳቤዎቻችንንና ቅንብሮቻችንን የሚያኖርበት ፎልደር ነዎት። «ባሉበት» ያልነው አድራሻዎ ስለማይታወቅ ነው። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግን አልፎ፣ ተንደርበርድን አልፎ፣ ፕሮፋይልስ የሚባለው ጋ ነው የሚቀመጡት። አፕዳታ ደግሞ ራሱ የተደበቀ ፎልደር ነው፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳየኝ ብሎ ያላዘዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢዞር አያገኘውም። እሺ፣ ተደረሰ እንበል። ስምዎስ? ስምንት የተዘበራረቁ ፊደልና ቁጥሮች፣ ነጥብ፣ ከዚያ ዲፎልት። በስልክ ለሰው እንኳ ተነግሮ አያልቅም እኮ!

እ.ኤ.አ. በ2019 የተንደርበርድ ሥሪት 68 ሲመጣ ይባስ ብሎ ዲፎልት-ሪሊስ የሚባል ታናሽ ወንድም፣ ማለትም አዲስ ፕሮፋይል፣ ተወለደልዎት። አንዳንዱ ሰው ፕሮግራሙን ሲከፍት ጠበቀው ባዶ ቤት፣ አካውንት ክፈት የሚል መስኮት ብቻ። የስንት ዓመት ደብዳቤ የት ገባ? የትም አልገባም፣ እርስዎ ጋ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ላብ በላብ ሲሆን እርስዎ ትንፍሽ አይሉም። ወንድምዎ እንኳ ይሻላል፤ ሄልፕ ውስጥ ገብቶ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽንን ከፍቶ ኦፕን ፎልደር ያለ ሰው ቀጥታ ቤቱ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። ሜይል፣ ከዚያ ሎካል ፎልደርስ ሲገባ «ቪዛ» ለተባለ አንድ ፎልደር ሁለት ፋይል ተደርድሮ ይገኛል። አንዱ ቪዛ ነጥብ ኤምኤስኤፍ ነው። ሌላው ቪዛ ብቻ፣ ምንም ቅጥያ የለውም። ሰው ቅጥያ ያለውን አምኖ እሱን ይዞ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የደህና ፋይል መልክ ያለው እሱ ነው። ለካ እሱ ማውጫ ብቻ ኖሯል! ደብዳቤዎቹ በሙሉ፣ ከነአባሪያቸው፣ በዚያ ስም ብቻ በያዘው ፋይል ውስጥ ተራ ጽሑፍ ሆነው አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። በውስጡ ሌሎች ፎልደሮች ካሉት ደግሞ ነጥብ ኤስቢዲ የሚል ሦስተኛ ጎረቤት አለ፣ እነሱን የሚያኖር።

ደግሞ ይህን ስሙልኝ፦ ሰርዘን ከቆሻሻው ያጸዳነው ኢሜል እንኳ ፎልደሩ ኮምፓክት እስኪደረግ (የተሰረዘው ከፋይሉ ተጠርጎ እስኪወጣ) ድረስ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቆያል። የምንፈልገውን ሸሽገው የጣልነውን ያቆዩልናል። እንዲህ ያለ የመዝገብ ቤት ሹም የት ይገኛል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ፕሮግራሙ ይዘጋ። ቅጥያ የሌለው ፋይልና የኤስቢዲው ፎልደር ኮፒ ተደርገው በአዲሱ ፕሮፋይል ሎካል ፎልደርስ ውስጥ ይቀመጡ። ፕሮግራሙ ይከፈት። ማውጫውን ራሱ አዲስ ይሠራል፤ ፎልደሮቹም በግራ በኩል ብቅ ይላሉ። አለቀ! ኢምፖርት የለ፣ ተጨማሪ ፕሮግራም የለ። ብቻ አዲሱ ጋ ኢንቦክስ ወይም ሴንት የሚል ቀድሞ ካለ የድሮው ስሙ ተቀይሮ ይግባ፣ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል።

ኢማፕ የሚባለውን የኢሜል መቀበያ ዘዴ የሚጠቀም ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ስላለ አካውንቱን አስገብቶ ቡናውን እየጠጣ ይጠብቃል። እርስዎ የሚኮሩት በእኛ ደብዳቤን ወደ ኮምፒውተር በሚያወርደው በፖፕ ተጠቃሚዎችና ሁሉን ነገር ሎካል ፎልደርስ ውስጥ በምናጭቅ ሰዎች ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳዮችዎ

ግልባጭ፦
ለዲፎልት-ሪሊስ፣ እንግዶች እየመጡ ስለሆነ ቦታ እንዲያዘጋጅ
ለኤምኤስኤፍ ፋይሎች፣ እናንተ አትምጡ