ከፍትፍቱ ፎቶው

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ፣ እንግዳን የሚያጠግበው ከቀረበለት ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት መሆኑን መናገራቸው ነበር። አባባሉ ለጊዜው ደኅና ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ማዕድን ከላይም ከጎንም የሚያነሣ ስልክ ስላልነበረ ጉዳዩን እስከ ዳር ሳያዩት ቀርተዋል። ጉድለቱን ያሟሉልን የዛሬዎቹ የበዓል ደጋሾች ናቸው። እነርሱ ፍትፍቱንም ፊቱንም ወደ ኋላ አድርገው ፎቶውን ወደ ፊት በማምጣታቸው፣ ጓደኛ ጋብዞ ማብላትን ከተራ የወጥ ቤት ጉዳይነት አውጥተው የጥበብ ሥራ አድርገውታል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉም ከአንድ ሰው በቀር ያደከሙት የለም።

ስለ ሁሉም ለመናገር ቦታው ስለማይበቃ፣ በ2018 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት እኔንና ሰባት ጓደኞቼን በኮንዶሚኒየም ቤታቸው የጋበዙንን ወዳጃችንን ለአብነት አነሣለሁ። እኚህን ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን ጠረጴዛቸውን ያየ አንደበቴ እንቢ ስላለኝ «አንቱ» ለማለት ተገድጃለሁ።

ጥሪው የደረሰን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ በተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ድሮ ሰው ሰውን ሲጋብዝ «ብቅ በሉ፣ ያለችውን እንቀማምሳለን» ብሎ በግድየለሽነት ይተወው ነበር። ወዳጃችን ግን የምሽቱ ቀለም ቢጫ፣ ብርቱካናማና ለምለም አረንጓዴ መሆኑን፣ ጥቁር ለብሶ የመጣ ሰው ከጥግ እንደሚቀመጥ፣ እንዲሁም የፀሐይ ብርሃን በመስኮት በኩል ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ማርፈድ ይቅር የማይባል ጥፋት መሆኑን አንድ በአንድ አሳወቁን። ከመካከላችን አንዱ፣ መቼም ሆዳም ሰው አይጠፋም፣ «ዶሮ አለ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ የአበባ ምልክት ነበር።

በተባለው ሰዓት ስንደርስ ያየነውን ነገር በቅጡ ለመግለጽ የእኔ ብዕር አይበቃም። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ጆንያ ተዘርግቶበታል። አዎን፣ ጆንያ። እናቴ እንግዳ የመጣ እንደሆነ በጥድፊያ አጣጥፋ ከአልጋ ሥር የምትከተው፣ ጎረቤት እንዳያየው የምትሳቀቅበት ያው የእህል ጆንያ፣ ጠርዙ በመቀስ ተስተካክሎና በቢጫ ክር ተዘምዝሞ የክብር ቦታ ይዟል። ነፍሷን ይማርና፣ እናቴ ዘመናዊ እንደነበረች ሳታውቀው አልፋለች። በጆንያው ላይ በመደዳ የተደረደሩት ደግሞ የቲማቲም ድልህ ያለቀባቸው ጣሳዎች ናቸው፤ ቀለም ተቀብተው፣ ጎናቸው በሚስማር ተበሳስቶ፣ በውስጣቸው ሻማ በርቶባቸዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከጣሳ ኩራዝና ምድጃ ሲቀጠቅጡ የኖሩት ባለሙያዎች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ፤ ምናልባት ኩራዝ ሲሠሩ ዕድሜአቸውን የፈጁት «ፋኖስ ጥበብ» ብለው መጥራት ባለማወቃቸው ብቻ መሆኑ ይገለጥላቸው ነበር።

በእያንዳንዱ ሰሐን ላይ የእንግዳው ስም የተጻፈበት ለስላሳ ድንጋይ ተቀምጧል። ስምንታችንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምንተዋወቅ ስለሆንን ስማችን ሊጠፋብን ይችላል የሚል ሥጋት አልነበረንም፤ ሆኖም ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ ማየት ሰው በቁሙ ብዙ ጊዜ የማያገኘው ዕድል ነው። የእኔ ስም በላቲን ፊደል እጅግ ተጠማዝዞ በመጻፉ የሌላ ሰው መስሎኝ ለጥቂት ጊዜ ቆሜ ቀርቻለሁ። «ከፊደላችን ይልቅ ይህኛው ለመጠማዘዝ ይመቻል» ብለው ሲያስረዱኝ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ስም ማነስ እንደሆነ ተረዳሁ።

የሁሉም ቁንጮ ግን አበባው ነው። ወዳጃችን ከስድስት ሌሊት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከቢጫ ወረቀት እየቆረጡና በማጣበቂያ እየለጠፉ፣ ከመቶ በላይ አደይ አበባ በእጃቸው ሠርተዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መስከረም ሲጠባ የወረቀት አደይ ቢቆርጡ ናፍቆት ነውና ይፈረድላቸዋል። ወዳጃችን የሚኖሩት ግን በመስከረም ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ምድሩ ቢጫ በሚለብስበት አገር፣ ልጆች እቅፍ እቅፍ አደይና ቄጤማ ይዘው በየመንገዱ በሚሸጡበት ከተማ ነው። እኔም ይህን አንሥቼ፣ እንደ መሐይም፣ «እውነተኛው አይሻልም ነበር?» ብዬ ጠይቄአለሁ። እውነተኛው አደይ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ እንደሚጠወልግ፣ ቢጫውም ከዓመት ዓመት ወጥ ባለመሆኑ ከጨርቁ ጋር እንደማይስማማ በትዕግሥት አስረዱኝ። ተፈጥሮ በቀለም ምርጫ ረገድ ገና ብዙ እንደሚቀራት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው» አሉ ወዳጃችን፣ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘርግተው። አጨበጨብን።

በዚህ መካከል ወደ ጓዳ የሚያስገባ ጉዳይ ስለገጠመኝ (ውኃ ጠምቶኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች የወረቀት አበባ ተተክሎባቸዋል) የወዳጃችንን ታላቅ እህት አገኘኋቸው። እትዬ በርበሬና ቅቤ ተሸክመው ከደብረ ብርሃን የመጡት ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመው ነው። ሦስት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቀው ከትፈዋል፤ ያንንም ያለ ዘይት አብስለው፣ በርበሬውን እያቁላሉ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ እንዳያርባቸው ከምድጃው ሳይርቁ ውለዋል። ዶሮውን በ12 ብልት አውጥተው፣ ውኃው ጥርት እስኪል በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበዋል። እንቁላል ቀቅለዋል፣ ድፎ ጋግረዋል፣ ጠላ አጥልለዋል። ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር በርበሬ መስለዋል። ይሁንና «በእጅ የተሠራ» በሚለው መዝገብ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልገባም፤ ለምን ቢሉ ወጥ ይበላል፣ የተበላ ነገር ደግሞ ያልቃል፣ የሚያልቅ ነገር ጥበብ ሊባል አይችልም።

እትዬ እንዳጫወቱኝ ከሆነ፣ ወዳጃችን በዋዜማው ወደ ጓዳ ገብተው የወጡን ቀለም በሐዘኔታ ከተመለከቱ በኋላ፣ «እትዬ፣ ዶሮው አልጫ ቢሆን እኮ ከጨርቁ ጋር ይሄድ ነበር» ብለዋቸዋል። እትዬም ጭልፋውን ሳያስቀምጡ፣ «ማን ታሞብህ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። ሴትዮዋ ስለ ጥበብ ያላቸው ግንዛቤ አነስተኛ መሆኑ ያሳዝናል።

እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ አንድ ሥዕል ተለጥፎ አየሁ፤ ዓይኑ ፊቱን ያከለ፣ አንዱ ክንፉ ከሌላው የሚረዝም መልአክ፣ ከሥሩም ቀይና ሰማያዊ አበባ። ጠዋት የጎረቤት ልጅ እንቁጣጣሽ ብሎ ያመጣው ነው። ወዳጃችን ተቀብለው፣ ልጁን መርቀውና ብር ሰጥተው ከሸኙት በኋላ ሥዕሉን መሳቢያ ውስጥ ከተውታል፤ ቀይና ሰማያዊ በዚያ ምሽት ካልተጋበዙት ቀለሞች መካከል ናቸውና። ከመሳቢያው አውጥተው የለጠፉት እትዬ ናቸው። አበባየሆሽ እያሉ በር ያንኳኩት ሴቶች ልጆች ግን የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል፤ ድምፃቸው ለቪዲዮው ማጀቢያ ስለተፈለገ ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንዲዘፍኑ ተደርገዋል።

የወዳጃችን እናት የሰፉት ሞሰብም በሳሎኑ ጥግ አለ። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ የሐረጉ ቀለም ዛሬም ያልደበዘዘ፣ ስንት ክረምት እንደፈጀ የሚያውቁት የሰፉት እጆች ብቻ የሆኑ ሞሰብ ነው። ስፒከር ተቀምጦበታል። ቁመቱ ለዚያ ልክ ስለሆነ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል።

አሁን ወደ እራቱ፣ ማለትም ወደ ፎቶው፣ እንመለስ። እትዬ እንጀራና ወጡን ይዘው ብቅ ሲሉ አንድ ያልታሰበ ችግር ተገለጠ፤ በጠረጴዛው ላይ ለምግብ የሚሆን ቦታ አልተተወም። ጣሳ ቢነሣ አሰላለፉ ይፈርሳል፤ አበባ ቢነሣ ጆንያው ይራቆታል፤ ድንጋይ ቢነሣ ሰው ማንነቱን ያጣል። ከብዙ ምክክር በኋላ ወጡ ባለጌ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሁለት ቀን የተለፋበት ዶሮ ባለጌ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ካየሁ በኋላ ስለ ወንበሩ ስም አመጣጥ የነበረኝ ጥርጣሬ ሁሉ ተወግዷል። ለፎቶው ብቻ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በትንሽ ሰሐን ተደርጎ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፤ በላዩም የወረቀት አደይ ተሰካበት።

ከዚያ መነሣቱ ተጀመረ። በአገራችን ደንብ ጋባዥ «በሞቴ ብሉ» እያለ እንግዳውን ሲያስጨንቅ መኖሩ ይታወቃል። ወዳጃችን መሐላውን ጠብቀው ግሡን ብቻ ለወጡት፦ «በሞቴ እንዳትነኩት!» ከላይ ለማንሣት ወንበር ላይ ወጡ፤ ከጎን ለማንሣት ወለል ላይ ተንበረከኩ። እኛም በየቀለማችን ተሰልፈን፣ ያልበላነውን እንደበላን ሆነን ሣቅን። አርባ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ የወጡ ቅቤ ረግቶ ነጣ ነጣ ማለት ጀመረ፤ ይህም ለወዳጃችን ከአልጫ ምኞታቸው የደረሰላቸው ብቸኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እትዬ፣ ልባቸው አልቻለም መሰል፣ ሊያሞቁት ጭልፋቸውን ይዘው ጠጋ አሉ። ወዳጃችን ከስልኩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፤ ፎቶው ውስጥ ገባሽ» አሏቸው። እትዬ ፈቀቅ አሉ።

በመጨረሻ በላን። ጆንያው በወጥ እንዳይበላሽ በሹካ እንድንበላ ስለተመከርን ጣቶቻችን ንጹሕ ሆነው ዋሉ፤ ጉርሻም በሻማው ላይ እጅ አሻግሮ መስጠት ነጠላ ሊያስለበልብ ስለሚችል ቀረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጣላ ሰው አይኖርም። ፈረሰኛው ለማን ደረሰ ብሎ የተከራከረም አልነበረም፤ አበባ የተሰካበት እርሱ ስለነበር ማንም አልደፈረውም። ከሁለተኛው እንጀራ በፊት ግማሾቻችን ፎቶ እንዲላክልን ስንጠይቅ፣ ወዳጃችን ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው ብርሃኑን ሲያስተካክሉ አመሹ። ያልበሉት እርሳቸውና እትዬ ብቻ ናቸው፤ አንዳቸው በሥራ ብዛት፣ ሌላኛዋ በሥራ ብዛት።

ወዳጃችን ከወዲሁ ለሚቀጥለው በዓል እያሰቡ መሆኑን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ ነው። እንቁጣጣሽ እንደ ገናና ጥምቀት ጾም የመሻር ሥልጣን ስለሌለው፣ በ2017 ዓ.ም. ረቡዕ በዋለ ጊዜ ብዙ ሰው ዶሮውን ለማግሥቱ አሳድሮ ነበር። የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ደግሞ ዓርብ ይውላል። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ሲከፋው፣ እርሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጎመንና ድንች በቀለም በኩል ከዶሮ ወጥ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፣ እንደ ልብ ይደረደራሉ። ለገና ደግሞ እንደ ፈረንጅ አገር አመዳይ በረዶ ተነጥፎባት በማታውቀው አዲስ አበባችን ለበረዶ የሚሆን ጥጥ ገዝተዋል። እትዬ ከደብረ ብርሃን መቼ መምጣት እንዳለባቸውም ተነግሯቸዋል።

ፎቶው በማግሥቱ ኢንስታግራም ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ውብ ነበር፤ ጣሳው ያበራል፣ አደዩ ይስቃል፣ እኛም የጠገብን እንመስላለን። ከሥሩ «ሁሉም በእጅ የተሠራ» የሚል ተጽፎበታል። አድናቆቱ ጎረፈ። ጆንያው ከየት እንደተገዛ፣ ጣሳው በስንት ቁጥር ሚስማር እንደተበሳ፣ ማጣበቂያው የቱ እንደሆነ ተጠየቀ፤ ወዳጃችንም ለሁሉም በየተራ መለሱ። አንዲት ሴት ብቻ የምስሉን ግራ ጥግ አስፍታ አይታ ኖሮ፣ እስከ ጥፍሩ ሥር በርበሬ የለበሰ፣ ጭልፋ የጨበጠ ግማሽ እጅ ስላገኘች፣ «ይቺ እጅ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ይቅርታ፣ ሳላያት ነው፤ አሁን እቆርጣታለሁ» ሲሉ መለሱላት። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፎቶው ጥጉ ተስተካክሎ እንደገና ወጣ።