20 ሺህ ፓውንድ ላወጣ ሰው ካርድ ምን ይሠራለታል?

ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ጎልድ ካርድ የሚባለውን የታማኝ ደንበኛ ካርዱን የሚሰጠው በዓመት 20 ሺህ ነጥብ ለሰበሰበ ነው። አንድ ፓውንድ አንድ ነጥብ፣ ያውም ታክሱ ሳይቆጠር። ድሮ የበረራው ርቀትና የወንበሩ ደረጃ ይታይ ነበር። አሁን ደረሰኝህን አምጣ ነው።

የሚያስቀው መከላከያቸው ነው። «ብዙ ያወጣ ደንበኛ ብዙ ይገባዋል፣ ፍትሐዊ ነው» ይሉናል። ከማን ኪስ የወጣ? እንዲህ ያለውን ሂሳብ በአብዛኛው የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅቱ ከፈለ፣ ጸሐፊዋ ትኬቱን ቆረጠች፣ ታማኝ የተባለው ግን ተሳፋሪው! በየትኛው ሥራው?

ደግሞስ ያን ያህል ብር ለትኬት የሚያፈስ ሰው የት ነው የሚቀመጠው? ቢዝነስ ክላስ ነዋ። የቢዝነስ ትኬት ደግሞ ላውንጁን (ኤርፖርት ውስጥ ያለውን ልዩ ማረፊያ)፣ አጭሩን ሰልፍና ተጨማሪውን ሻንጣ አብሮ ይዞ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ካርዱ የሚሰጠው በእጁ ያለውን ነው። (እሺ፣ ትንሽ ሻል ያለ ላውንጅ ይገባል። ወይኑ ይለያል መሰለኝ።) ካርዱ የምር የሚጠቅመው ከኋላ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ጉልበቱ ከፊቱ ወንበር ጋር ተጣብቆ ሌሊቱን ለሚያነጋው ነው። ትራንዚት ላይ ሶኬት ፍለጋ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ግድግዳ ሥር ወለል ላይ ለሚቀመጠው። ለእሱ ሻወርና ትኩስ ሾርባ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ሲል ነው ረከስ ያለውን ሌላ አየር መንገድ እየተወ ዓመት ከዓመት እናንተ ጋር የተመላለሰው፣ ከራሱ ኪስ እየከፈለ። ታማኝ ማለት እሱ ነበር። እሱን በር ላይ አስቀርታችሁ ላለው ጨመራችሁለት።

ካርዱን ያስወደዱት ላውንጆቹ ተጨናንቀው ነው ይባላል፤ መጨናነቃቸው እውነት ነው። ግን መግቢያውን በባንክ ካርድ በኩል ሲቸበችቡ የኖሩት ራሳቸው አየር መንገዶቹ አይደሉም እንዴ? የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ የያዘ ሰው ስካይ ክለብ የተባለው ላውንጁ የሚገባበትን ቁጥር ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በዓመት 10 አድርጎታል። በሴፕቴምበር 2023 መጀመሪያ ሲያውጅ ግን 6 ነበር ያለው። ደንበኛው ሲጮህበት ነው ወደ 10 ከፍ ያደረገው። መጮህ ይሠራል ማለት ነው።

እኔ ግን ለመጮህም ሰልችቶኛል። ከእንግዲህ ሰዓቱ የተመቸኝንና ዋጋው የቀነሰውን ትኬት ነው የምቆርጠው። ላውንጅ ካማረኝ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሸጡ ሞልተዋል፣ ከፍዬ እገባለሁ። «ደረጃዎን ሊያጡ ነው» የሚለውን ኢሜይል ብቻ እባካችሁ አትላኩብኝ።