እጅ መያያዝ ምን ያስደነግጣል?

ሰሞኑን ባሕር ዳር በተካሄደ አንድ የንባብ ውይይት ላይ አቅራቢው «ጓደኝነቱ ራሱ መሠረት ስለሆነ ፍቅሩ ማብራሪያ አያሻውም» አሉ፤ ተጨበጨበላቸውም። መጽሐፉ ጣና ዳር ያደጉ ሁለት ወንድ አብሮ አደጎች እንዴት እንደተፋቀሩ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። አቅራቢው ሊከላከሉለት የመረጡት ደግሞ ትልቁን ጉድለቱን! እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ጓደኝነት መሰናክል ነው እንጂ መሠረት አይደለም። የልቡን የተናገረ ሰው አብሮ አደጉን ሊያጣ ይችላል። ይህ ፍርሃት ከሌለ የሚተርፈው የሽርሽር ማስታወሻ ነው።

የታሪኩ ጡዘትስ ምንድን ነው? በሐይቁ ዳር ሲሄዱ እጃቸው ይነካካል። ልብ ይመታል፣ ጨረቃ ትወጣለች። ኧረ ባሕር ዳር እኮ ነው! ወንድና ወንድ ጣት ለጣት ተቆላልፈው ከዘንባባው ሥር ሲንሸራሸሩ ቢውሉ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። መተቃቀፉ፣ መጎራረሱ፣ ባንድ አልጋ ማደሩ ሁሉ የወዳጅነት ወግ ነው። እዚህ አገር ምስጢር የሚያወጣው መንካት ሳይሆን መንካት መተው ነው። ትናንት ሳያስበው ይይዘው የነበረውን እጅ ሽሽት ዛሬ እጁን ኪሱ የከተተ፣ ጉርሻ ሲዘረጋለት «ጠገብኩ» ያለ፣ እሱ ነው የተያዘው። ሌላው «ምን አስቀየምኩህ?» ይላል። ኩርፊያ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሽማግሌው የሚያስታርቀው ነገር ያጣል። ሁለት ምዕራፍ ይወጣዋል፤ ደራሲው አንድ መስመር አልሰጠውም።

ንግግሩም ያው ነው። አንዱ «እወድሃለሁ» ሲል ሌላው ወዲያው ገብቶት ያለቅሳል። በአማርኛ? ቃሉ ለወንድም፣ ለጓደኛ፣ ከሁለት ብርሌ ጠጅ በኋላ ለማንም ይባላል። «እኔም እወድሃለሁ፤ ሒሳቡን ግን አንተ ክፈል» ብሎ ቢያልፈውስ? ተናጋሪው ያን ሌሊት እንዴት ሊነጋለት ነው? «አፈቅርሃለሁ» የምትለዋ ቃል ስንት ገጽ ታስጠብቅ ነበር! ሳትነካ መጽሐፉ አለቀ።

«ወንዶች ስለሆኑ ነው የጠላችሁት» የሚሉም አሉ። ወንዶች መሆናቸውን የረሳውስ ደራሲው ነው። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ባለበት አገር አንዳቸውም መስኮት ሲዘጉ፣ ድምፅ ሲቀንሱ አይታዩም።

የሐይቁ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር ጎትተው አውጥተው ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። የነሱ ግን ክረምቱን ሙሉ ውሃ ላይ ታስራ ትጠብቃቸዋለች። ዋና የሚዋኙትም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ በምሽት፣ ጉማሬው ለግጦሽ ብቅ በሚልበት ሰዓት ነው። እዚያም የሚፈራ የለም።