የአንድ ትልም ነገር

በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃምሻየር ክፍለ ግዛት ላክስተን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን ስሟን አናውቅም። ገበሬ ያሳደገው ሰው ግን አንድ ቀን ሄዶ ቢያያት እመኛለሁ። በሌላው የእንግሊዝ ገጠር ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ጥንታዊ የማሳ አያያዝ እስከ ዛሬ የሚሠራበት በላክስተን ነው።

እርሻው በሦስት ታላላቅ ማሳዎች የተከፈለ ነው፤ ምዕራብ ማሳ፣ ወፍጮ ማሳ እና ደቡብ ማሳ ይባላሉ። በማሳው ውስጥ የአንዱን መሬት ከሌላው የሚለይ አጥር የለም። እያንዳንዱ ገበሬ በሦስቱም ውስጥ ወዲህና ወዲያ የተበታተነ ቁራሽ መሬት ስላለው ለሙም ጭንጫውም ለሁሉም ይደርሳል። አንዱ ማሳ ስንዴ ሲይዝ በሁለተኛው ጸደይ ላይ ሌላ እህል ይዘራል፤ ሦስተኛው ጦም ያድራል ወይም ለከብት መኖ ይውላል። በዓመቱ ተራው ይዞራል። ዛሬ በአገራችን ኩታ ገጠም እያልን የምናስፋፋውን አስተራረስ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራው የመንደሩ ካርታ እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ከነባለይዞታው ያሳያል። የሚያርሱና የሚያጭዱ ሰዎች በጥቃቅን ሥዕል ተሥለውበታል። አሁን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

እኔን የማረከኝ ግን ሸንጎው ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማብቂያ ገደማ ከመንደሩ የተመረጡና መሐላ የፈጸሙ ሰዎች አዲስ ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ። በማሳው መካከልና ዳርቻ ለወል የተተወ የሣር መሬት አለ፤ የእርሻ መንገድም አለ። አንድ ገበሬ በአንድ ትልም እንኳ ወደዚያ አልፎ አርሶ እንደሆነ ያያሉ፤ ድንበሩ የደበዘዘበትን ስፍራ ለይተው ችካል ይተክላሉ። ከሳምንት በኋላ ሸንጎው በመንደሩ መጠጥ ቤት ይሰየማል፤ ያጠፋውም ይቀጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ጎረቤት እየሰማ ስሙ መጠራቱ ግን ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያሉትን ጥንታዊ የመንደር ችሎቶች ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ሳይነካ ትቶታል።

ይህን እንደ እንግሊዞች ሁሉ ባህል አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። እነርሱ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ከ5,200 በላይ ሕጎች ወጥተው 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል ክፍትና የወል መሬት በአጥር ተከልሎ የግል ሆኗል። በወል ግጦሽ ላይ ላም አሰማርቶ ይኖር የነበረ ድሃ ተፈናቅሎ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኗል። ላክስተን ልትተርፍ የቻለችበት አንዱ ምክንያት በአካባቢው የነበሩ ሁለት ባላባቶች ስለ ማጠሩ መስማማት አለመቻላቸው ነው። በኋላ መንግሥት ገዛት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመልሳ በግል ባለርስት እጅ ገብታለች። ገበሬዎቹ ዛሬም ጭሰኞች ናቸው። እኛ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተሰናበትነውን የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት እነርሱ ይዘውት ይኖራሉ፤ በዚህ አልቀናባቸውም።

የምቀናባቸው ጠብ ሳይነሣ ድንበሩን አስቀድመው በማየታቸው ነው። በእኛ ገጠር ሽማግሌ የሚጠራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አጎቴና ድንበርተኛው አብረው ደቦ የሚወጡ፣ ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ክረምት የወሰኑ ድንጋይ ተነቀለ። ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በሬ ይሁን ጎርፍ፣ ሰው ይሁን። አንዱ «ገፋኸኝ» አለ፤ ሌላው በልጆቹ ማለ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለቱም ጠበቃ ይዘው ክስ ከፍተው ነበር። የተካሰሱበት መሬት ከሁለት ትልም አይበልጥም፤ ለጠበቃና ለመንገድ ግን ሁለቱም በሬ ሸጡ። እኔም ከዚህ ሆኜ ለአጎቴ ገንዘብ ልኬያለሁ።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ትልቅ ነገር ነው፤ አሁን ካርታ ጭምር እየተሰጠ ነው። በተለይ ባሏ የሞተባትን ሴት ከዘመድ ቅሚያ ጠብቋል። ሆኖም ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ማረሻው የሚሄደው መሬት ላይ ነው። የቱ ዋርካ፣ የቱ ድንጋይ ወሰን እንደሆነ የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ነው።

ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም። ጥር ላይ፣ እህሉ ከአውድማ ገብቶ መሬቱ ባዶ ሲሆን፣ ከየጎጡ የታመኑ ሰዎች ተመርጠው ባለድንበሮቹ ባሉበት ማሳ ለማሳ ቢዞሩ፣ የወደቀውን ድንጋይ ቢያቆሙ፣ የቀበሌው ጸሐፊም የተስማሙበትን ቢመዘግብ በቂ ነው። ወጣቶቹም ይከተሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድንጋዩን የሚያሳዩት እነርሱ ይሁኑ።