የከሰረ ድርጅት ዋስትና ለአባላቱ ምን ይጠቅማል?

ጅማ ላይ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የአባላቱን መዝገብ፣ የእሸት ቡና መረከቢያ ሰነዶቹንና የትርፍ ክፍፍል ሒሳቡን በሙሉ ወደ አንድ የውጭ ክላውድ አቅራቢ (የደንበኞቹን ዳታ በኢንተርኔት ተቀብሎ በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስቀምጥ ድርጅት) አዛውሮ የቢሮውን ሰርቨር ለመሸጥና የየዕለቱን ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ለማቋረጥ ሰሞኑን ወስኗል። «አቅራቢው ቢከስርስ?» ተብለው በስብሰባው ላይ የተጠየቁት ኃላፊ የሰጡት መልስ ግን ከውሳኔው ይብሳል፤ «ውሉ 99.9 በመቶ ዋስትና ስላለው ስጋት የለም» ነው ያሉት።

ይህ መልስ ጥያቄውን ጨርሶ አይነካውም። በክላውድ ውሎች የተለመደው የ99.9 በመቶ ዋስትና አገልግሎቱ ከጊዜው 99.9 በመቶውን ይሠራል የሚል ቃል ነው፤ ትርጉሙም አገልግሎቱ ሲቋረጥ ከቀጣዩ ሒሳብ ላይ ጥቂት ይቀነሳል ማለት እንጂ ዳታው ይመለሳል ማለት አይደለም። የተዘጋ ድርጅት ቀጣይ ሒሳብ የለውም፤ ካሳ የሚጠይቅ ደንበኛም መያዣ ከያዙ አበዳሪዎች ኋላ ተሰልፎ የሚተርፈውን ይጠብቃል።

ስጋቱም ያለፈ ታሪክ አለው። ኒርቫኒክስ የተባለው የአሜሪካ ክላውድ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ዳታቸውን እንዲያወጡ ለደንበኞቹ መጀመሪያ የሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት በብሪታንያ ቱ ኢ ቱ የተባለው የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት ሲወድቅ፣ የኪሳራው አስተዳዳሪዎች የዳታ ማዕከሉ ሥራ እንዳይቆም ብለው ደንበኞቹን ገንዘብ ጠይቀዋል።

ሁለት ሳምንት ለጅማ ምን እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። ስካን የተደረጉት የዓመታት ሰነዶች 4 ቴራባይት ቢሆኑና መስመሩ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ቢያወርድ፣ ለአፍታ እንኳ ሳይቆራረጥ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። መስመራችን ሳይቆራረጥ ስንት ቀን እንደሚዘልቅ ኃላፊው ያውቁታል። የወረደው ፋይል በአቅራቢው ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ገበሬው እሸቱን አስመዝኖ የተቀበላት ካርኒ ኪሱ ውስጥ ተሻሽታ ቀለሟ ሲጠፋ፣ የክፍፍሉ ማስረጃ ሆኖ የሚቀረው ይኸው ዳታ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ የቢሮው ሰርቨር እንደሚቆም አይካድም። ይህ ግን ክላውድን ለመጨመር እንጂ በእጅ ያለውን ኮፒ ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም። መዝገቡ በየትኛውም ሶፍትዌር በሚነበብ መልክ በየሳምንቱ ወደ ዩኒየኑ ሃርድ ዲስክ ይውረድ፤ ከዚያም ኮፒ ላይ የአንድ ቀበሌ ማኅበር ክፍፍል ያለ ኢንተርኔት ተሰልቶ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ። ከጥቅምቱ የእሸት ርክክብ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እስከዚያው ጉባኤው የሰርቨሩን ሽያጭ ማገድ አለበት።