የላባችሁን ገንዘብ የተሰረቀ አታስመስሉት

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በሌሊት ፈረቃና በታክሲ መሪ ላይ ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ ስለ ምን የሌባ ገንዘብ ታስመስሉታላችሁ? እቁብ የደረሰው ሰው 20,000 ዶላር ካሽ ይይዝና ሰኞ 9,000፣ ረቡዕ 9,000፣ የቀረውን ቅዳሜ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ ያስገባል። «ከአሥር ሺህ ካለፈ መንግሥት ይከታተልሃል» ተብሎ ተመክሯል። መካሪው ክፉ አልነበረም፤ ምክሩ ግን ንጹሕ ሰው ወንጀለኛ የሚያደርግ ነው።

ሕጉን ስሙ። በአንድ የሥራ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ስታስገቡም ሆነ ስታወጡ ባንኩ ለመንግሥት አንድ ቅጽ ይልካል። የሚሞላው ባንኩ ነው፤ እናንተ መታወቂያችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁንና ሥራችሁን ትናገራላችሁ፣ አለቀ። ታክስ አይጠየቅበትም፤ ክስም አይደለም። ወንጀሉ ከዚህ ቅጽ ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን መቆራረጥ ነው። ገንዘቡ የላብ መሆኑ አያድናችሁም፣ ምክንያቱም የሚያስቀጣው መቆራረጡ ራሱ ነው። ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ ገንዘቡ መወረስ ይደርሳል። ቴለሯ «ቅጽ ልሙላ» ስትል ደንግጣችሁ «እንግዲያው ከአሥር ሺህ በላይ ያለውን መልሺልኝ» ካላችሁ፣ ባንኩ ሌላ ሪፖርት፣ የጥርጣሬ ሪፖርት፣ ሊልክባችሁ ይችላል። ስለዚያኛው ለእናንተ መናገር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አካውንታችሁ ቢዘጋ እንኳ ምክንያቱን የሚነግራችሁ አታገኙም።

ስለዚህ እቁብ ሲደርሳችሁ ሙሉውን ባንድ ጊዜ አስገቡ። ሃያ ሰው በየወሩ 1,000 ዶላር የሚጥልበት እቁብ የሚሰጣችሁ 20,000 የጣላችሁትና ገና የምትጥሉት ነው፤ ገቢ ስላልሆነ ታክስ የለበትም። (የምትጥሉት ያላሳወቃችሁት የቲፕ ገንዘብ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በታክሳችሁ አስገቡ።) ነገር ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የእቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች በጣም ትበድላላችሁ። የሃያ ሰው ሒሳብ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ገንዘቡም ከዳኛው ደመወዝ ጋር ባንድ አካውንት ይቀላቀላል። ቀኑ፣ የጣለው ሰው፣ መጠኑና የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ደብተር ያዙ፤ ለእቁቡ የተለየ አካውንት ክፈቱ። ዕጣ የወጣለትም ገጹን ፎቶ ያንሳ። በቼክ ብትከፋፈሉ ደግሞ የካሽ ቅጽ የሚባለው ነገር ከናካቴው አይነሳም።

ኤርፖርት ላይ የሚደርሰው የባሰ ነው። ከአሜሪካ ይዞ ለመውጣት የገንዘብ ጣሪያ የለም፤ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማስመዝገብ ብቻ ነው። ቅጹ በነጻ ነው፤ በጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ልትሞሉት ወይም ከመሳፈራችሁ በፊት ለመኮንኑ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ሰውን የሚያስይዘው አደራ ነው። የእጅ ቦርሳው ውስጥ «ለእማማ»፣ «ለተስካር»፣ «ለእህቴ የቤት ኪራይ» የተባለባቸው ፖስታዎች ተደርድረው፣ ተጓዡ «የኔ 6,000 ብቻ ነው» ይላል። ሕጉ ግን የማን ነው አይልም፤ የያዛችሁት ሁሉ ይደመራል፣ ዩሮውም ብሩም። ባልና ሚስት 14,000ውን ሰባት ሰባት ሺህ ተካፍለው ቢይዙም አያመልጡም። መኮንኑ በመሳፈሪያው መተላለፊያ ላይ «ስንት ይዛችኋል?» ሲል ቁጥሩን በትክክል ተናገሩ። ጥያቄው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትፈርሙ። «ስምንት ሺህ» ብላችሁ አሥራ አራት ከተቆጠረ ገንዘቡ እዚያው ሊወረስ ይችላል፤ የሰው አደራ ደግሞ ዕዳ ሆኖ እናንተ ላይ ይቀራል።

አገር ቤት ሒሳብ ያላችሁም አትዘናጉ። ዜጋም ሁኑ ባለ ግሪን ካርድ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት ማስገባት ግዴታ ነው። የዳያስፖራ ሒሳቡም፣ ከእናታችሁ ጋር ፈራሚ የሆናችሁበት ደብተርም ይቆጠራል፤ በስማችሁ ያለ ቤት ግን አይቆጠርም። ቀኑ ኤፕሪል 15 ሲሆን ሳትጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል፤ በኢንተርኔት ይላካል፣ ምንም አይከፈልበትም። አለማስገባት ግን፣ ሆን ተብሎ ባይሆን እንኳ፣ ለአንድ ዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው «ውጭ አገር ሒሳብ አለህ?» የሚለውን መስመር ሳይጠይቃችሁ «የለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ፊርማው ግን የእናንተ ነውና ያንን መስመር ሳታዩ አትፈርሙ።

ያለፉትን ዓመታት ላላስገባችሁ፣ የሒሳቡን ወለድ በታክሳችሁ አሳውቃችሁ ከነበረና የታክስ መሥሪያ ቤቱ ገና ካልጻፈላችሁ፣ ምክንያቱን ገልጻችሁ ዘግይታችሁ የምታስገቡበት መንገድ አለ። ወለዱንም ደብቃችሁ ከሆነ ግን ሪፖርቱን ብቻ ነጥላችሁ አትላኩ፤ መጀመሪያ የታክስ ጠበቃ አነጋግሩ።